አንድ ዓይን ብቻ

ዘጠና ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ ነድቶ፣
ኤውሎሂዮ መጣ፣ ውሻውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፤
በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ ጨርቅ ይዞ፣
የፒልቻ ግራ ዓይን አብጦ፣ ፈዝዞ።
ታኅሣሥ ነው፤ በቹቡት በግ የሚሸለትበት፣
ከምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ደጅ የሚነቅልበት።

«ነፋሱ ነው» አለኝ ኮፍያውን አውልቆ፣
«ሜዳው አቧራ ሆኗል፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ።
በማቴ ሻይ አጠብኩት፣ ቀዝቅዞ ባደረው፤
ጎረቤቴ ግን አይቶ “ወረርሽኝ ነው” አለው፣
“ጥይት ይረክሳል” ብሎም መከረኝ።»
ይህን ሲል ግድግዳውን አየ። እኔም ግድግዳውን አየሁ።

ከዚያ ጀመርኩ፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሴ እየቆጠርኩ፤
ዓይናር ቋንቋ ነው፣ ንባቡን በውድ የተማርኩ።

እንደ ውሃ ከጠራ፣ ከጭስ ነው፣ ከአቧራ፣
ወይ ቦዩ ተደፍኖ እንባ መውረጃ ሲያጣ፣ ጉንጭ ላይ ሲዘራ።
ወፍሮ ካረነጓደ ተዋሲ ገብቶበት ነው፤
እንደ ሙጫ ከተጣበቀ፣ እንባው የነጠፈው ነው።
ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ የገዛ ሽፋሽፍቱ
ብሌኑን የሚፍቀው አለ፣ ከምሽት እስከ ንጋቱ።
ሁለቱም ዓይን ቢያፈሱ፣ አፍንጫም ቢያንጠባጥብ፣
ቢያስል፣ ገላው ቢግል፣ ፊቱን ቢያዞር ከምግብ፣
ያኔ ነው ጎረቤቱን የምሰማው።

ግን አንድ ዓይን ብቻ!
አንዱ ብቻ ሲያለቅስ፣ ሌላው ጠርቶ ሲያይ፣
ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ተቀምጧል እዚያው ላይ።

ይህን አምናም አውቅ ነበር።
አምና ግን ሐሙስ ማታ ነው፣ በመቀስ የተቀደደ
ሠላሳ በግ ሰፍቼ፣ ክንዴ ዝሎ፣ ጉልበቴ የከዳ፣
የኢሶሊና ውሻ መጣ፤ ያው ግራ ዓይን፣ ያው መግል።
ቅባት ሰጥቼ ሸኘሁት፣ ቆቡን እንኳ ሳልፈነቅል።
በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑን አወጣሁት።
ኢሶሊና ምንም አላለች። ሒሳቧን ከፈለች።
ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ መዳፏን ታነሣለች፤
ውሻዋ ግን በጎደለው ወገን ከቆምኩ አያየኝም።

ስለዚህ ዛሬ አልቸኮልኩም።
ማደንዘዣ ጠብ አድርጌ ደቂቃውን ጠበቅኩ፣
ብርቱካንማ ቀለም ጨምሬ መብራቱን አጠፋሁ።
በሰማያዊው ጨረር ብሌኗ ላይ ታየ፣
አረንጓዴ ጭረት፣ በጥፍር የተጻፈ ያህል የተለየ፤
ጭረቶቹ ሁሉ ከአንድ ጥግ ይነሣሉ፣
«የጫረን እዚያ ነው» ይላሉ።
ውሻ ሦስተኛ ቆብ አለው፣ በአፍንጫው በኩል የተሰወረ፣
እኛ የሌለን መጋረጃ፣ እንግዳ ደብቆ ያሳደረ።
በወረንጦ ጫፍ ይዤ ቀስ ብዬ ስገልጠው፣
ኤውሎሂዮ ትንፋሹን ዋጠው።

ፍሌቺያ! «ትንሿ ቀስት» የሚሏት የሜዳ ሣር፤
ጫፏ መርፌ፣ ጭራዋ ፀጉር፣
ወደፊት እንጂ ወደኋላ መሄድ የማታውቅ ፍጡር።
ሳብኳት። ከጥፍሬ አትረዝምም።
ፒልቻ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣
ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ጠረጴዛውን አሸተተች።

«ይህች ናት?»
«ይህች ናት።»
«ጥይቱ ለዚህች ነበር?» መልስ አልጠበቀም፤
ከወረንጦው ተቀብሎ በክብሪት ቀፎ ከተታት፣
«ለጎረቤቴ ነው» አለ፣ «ዓይኑ ሥር ላኖራት።»

ጠብታውን ሰጠሁት፤ በቀን አራቴ፣ አሥር ቀን፣
በመዳፏ እንዳታክ፣ እንድትጠብቅ ዓይኗን።
ሻዩንም አንተው ጠጣው አልኩት። ሳቀ፣
ጥርሱ ውስጥ ያለው ወርቅ ብልጭ አለ፣ ደመቀ።

መኪናው አቧራው ውስጥ ሲሟሟ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።
ሜዳው ሙሉ ቀስት ነው፤ ማንን እንደሚወጋ አላወቅሁ።
ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ እንባዬ ወረደ በጉንጬ፣ በአንገቴ።
ከሁለቱም ዓይን ነው፤
ሁለቱም ስለሆኑ፣ ነፋስ ነው አልኩ በልቤ።