ስም የሌለው ቁልፍ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ሌሊቱ ተጋምሷል፤
የሸለቆው ነፋስ መዝጊያውን ይዳስሳል።
ስልኬን ከትራስ ሥር አወጣሁ በዳበሳ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ሚስቴ እንዳትነሣ።

በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣
የነካሁትን ሁሉ ስሙን ትጠራለች፤
በዕብራይስጥ ነው፣ ያውም በችኮላ፣
እንደ ባለ ሱቅ ዓርብ ከቀትር በኋላ።
ግላኮማ ዓይኔን ከወሰደው ወዲያ
እሷ ናት መሪዬ በባንክ በገበያ።
አልወዳት፣ አልጠላት፤ ጎረቤት ነን በቃ፤
ካልነኳት አትናገር፣ ከነኳት አታበቃ።

የቤተ መጻሕፍቱ ልጆች መቅጃ ይዘው ዞረው
የሽማግሌውን ወግ ባንድ አፕ ሰብስበዋል።
ካረፈችው እኅቴም አርባ ሰባት ደቂቃ አለ።
ሰባ ሦስት ዓመት ኖራ፣ አርባ ሰባት ደቂቃ።

ትርንጎ ነው ስሟ፤ በዳስ በዓል የምንይዘው፣
ሽታው ከእጅ የማይለቅ ፍሬ።
ሴትዮዋ ግን «ተርነጎ» ብላ ታነበዋለች፤
ጫፉ ላይ አንዲት ፊደል ቢጨምሩላት
በዚህ አገር ቋንቋ እኅቴ አውራ ዶሮ ሆና ልትቀር ነበር።
ሳቅሁ ብቻዬን፣ ትራሱን ነክሼ።

ከስሟ ሥር ጣቴን ወደ ቀኝ አንሸራተትሁ።
«ካፍቶር» አለች ሴትዮዋ። ቀጠልሁ። «ካፍቶር።» «ካፍቶር።»
ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።
ሦስት በተርታ፣ ስም ያላወጡላቸው።
የሠራው ልጅ ዓይን አለው፣ ሥዕል ስሎባቸዋል፤
ሦስት ማዕዘን፣ ቀስት፣ ሌላም ነገር ይሉኛል።
ለእኔ ግን ቁልፍ ነው፤ የቱን በር የሚከፍት?
የቱንስ የሚዘጋ? ማን ነግሮኝ በሌሊት?
የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ በጣቴ አውቀዋለሁ፣
ላዩ ሸካራ ነው፣ ቀዳዳው አራት ነው፤
ይህ ግን መስታወት ነው፣ ዳር እስከ ዳር ልሙጥ።

አንደኛውን መታሁ፤ ወደ ኋላ ሸሸች።
ሁለተኛውን መታሁ፤ እኅቴ ተነፈሰች።
ሦስተኛውን አልነካም። ባለፈው ሳምንት
ጠራርጎ ፍቋት፣ ሞሪያ ከሐዴራ እስክትመጣ
ሁለት ቀን ያለ ድምፅ ሰንብቻለሁ።

የምፈልጋት ቦታ ጠባብ ናት። መንሸራተቻው ግን
ሲዘል በአሥር በአሥር ነው፣ እንደ ጠገበ ፍየል፦
«ስድሳ በመቶ»፣ ሳፌድ ነን፣ መጠለያው፣ በረዶው።
«ሰባ በመቶ»፣ እሷ ተድራለች፣ እኔ የለሁበትም።
ያለሁት በሁለቱ መካከል ነው።

ወደ ስድሳ ተመልሼ ጠበቅሁ።
በረዶውን ሰማሁ፣ ያበደረችኝን ካልሲ፣ የሊፍቱን ጩኸት።
«ወንድሜ ባየህ ደፋር ነው ይሉታል፤
እኔ ግን አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለ...»
«ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ አራት ሰከንድ» አለች ሴትዮዋ፣
በላይዋ ላይ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል።
ጣቴ ለካ ሰዓት ቆጣሪው ላይ አርፎ ኖሯል።

ሦስት ጊዜ ተመለስሁ፤ ሦስቴም አቋረጠችን።
ኋላ የሞሪያ ነገር ትዝ አለኝ፦
«ሳባ፣ በሦስት ጣት ሁለቴ ምታው፤ ዝም ትልልሃለች።»
መሪን ዝም አሰኝቶ መሄድ እንዴት ይከብዳል።
መታሁ። ዝም አለች።

«...ልጅ ሳለ ጨለማ ይፈራ ነበር።
ኩራዙ ሲጠፋ እጄን ይፈልጋል በዳበሳ፣
ካገኘው በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይተኛል።
ለማንም አልተናገርሁበትም።
አሁን ይኸው ተናገርሁ። እንዳትነግሩት።»

ከዚያ ጸጥ አለ።
ዝም ያለችው እሷ ትሁን፣ ስልኩ ይሁን የቆመው
የሚነግረኝ የለም፤ ተናጋሪዋን ራሴ አፏን ይዣለሁ።
መዳፌን መስታወቱ ላይ አኖርሁት፤ ሞቋል።
ውሻ ጮኸ፣ አንዴ፣ ከሩቅ፤
ከደጅ ይሁን ከቅጂው ውስጥ
እንጃ።