ሐሙስ ማታ፣ ከቅቤው አጠገብ

ከቅቤው አጠገብ፣ ከእንቁላሉ በላይ፣
እስክሪብቶ መሳይ
መርፌዬ ተኝታለች ቆቧን እንደደፋች፤
ሦስት ሐሙስ አለፈ፤ ማኅተሟን አልከፈትሁ፣ እሷም አልተከፋች።

እኔ ያስና ነኝ። በቫልፓራይሶ
ከወደቡ ወደ ኮረብታው ወጥቶ፣ ደግሞ ተመልሶ
ሰው የሚያመላልስ አሮጌ አሳንሰር አለ፤
ፍሬኑ በእጄ ነው፤ እንጀራዬም እዚያው ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁለት ሳጥን ናቸው፣ ባንድ ገመድ ያሉ፤
አንዱ ሽቅብ ሲሄድ አንዱ ቁልቁል ይላል፤ እንዲሁ ይውላሉ።
ሐኪሟ ይህን አታውቅም፤ ግን ስታስረዳኝ
የገዛ ሥራዬን የምትነግረኝ መሰለኝ፦
«ኢንሱሊንሽ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አይወርድም፤
ሰውነትሽ ጥሪውን ሰምቶ በሩን አይከፍትም፤
ኦቫሪሽም እንቁላሉን ጀምሮ አይጨርስም።»

ጀምሮ አይጨርስም! እንደ ዶን ኦስባልዶ የጓሮ ግድግዳ፤
አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ግማሹ ጡብ፣ ግማሹ ሜዳ።
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከትንሹ ጀምሪ» ብላ ጻፈች፤ ቀና አላለችም።

አምስት ወር ጠፍቶ የሚከርም የወር አበባ፣
ሲመጣ በሩን ገንጥሎ የሚገባ፤
ማለዳ፣ ተሳፋሪ ሳይመጣ፣ በመስታወቱ በር
እያየሁ በወረንጦ የምነቅለው የአገጬ ጠጉር፤
ከማጅራቴ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት፣
እናቴ በሎሚ የፈተገችው፣ እድፍ መስሏት።

ምክሩስ! ዳቦ ተዪ፣ ደረጃ ውጪ፤
አሳንሰር ነጂዋን! ደረጃ ውጪ!
ቅጠል ብቻ በልቼ የከረምሁበት ክረምት አለ፤
ሚዛኑ ፍንክች አላለም፤ ስንፍናሽ ነው ሲሉኝ፣ አንገቴ «አዎ» አለ።

በቤታችን ግን መርፌ የመጨረሻው ቃል ነው፤
እናቴ የጀመረችው
ሁለቱ የእግሯ ጣቶች ቀድመዋት ከሄዱ በኋላ ነው።

ዛሬ ማታ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፦
«ሆድሽን ያዢ። እንዲህ። ደህና አርገሽ። ከእምብርትሽ ራቅ በል።
አሥር ቁጠሪ። እኔ ስድስት ላይ ነው የማነሳው፤ አንቺ ግን አሥር።»
ድራማው ውስጥ አንዲት ሙሽራ ታለቅስ ነበር።

ሆድ ይፍጀው እያልሁ ስንቱን ነገር አኖርሁ፤
ዛሬ ያንኑ ሆዴን ቆንጥጬ ወጋሁ።
ጠቅ።
ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሦስት ሐሙስ የፈራሁ?
«ስንት ቆጠርሽ?»
«አሥራ አራት።»
«ፈሪ» አለችኝ፤ የተረፈውን ሻይ ቀዳችልኝ ያለ ስኳር፣ ያለ ወተት።

ዓርብ አቅለሸለሸኝ። ከወደቡ የዓሣው ሽታ ሲመጣ
መስኮቱን ዘጋሁ። ላቤ መጣ።
ግን ማታ ቦርሳዬን ስከፍት ዳቦዬ፣ ማራኬታው፣
አልተነካ። የተውሁት አይደለም። ረሳሁት።
በሠላሳ አራት ዓመቴ ዳቦ ስረሳ የመጀመሪያዬ ነው፤
ደስ አለኝ ልበል? ፈራሁት።

በመጨረሻው ጉዞ ዶን ኦስባልዶ ገባ፣ አራት ጡብ ታቅፎ።
«ለግድግዳው?»
«ቀስ በቀስ» አለኝ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣
ጡቦቹን ጭኑ ላይ ደርድሮ ተቀመጠ።
ፍሬኑን ለቀቅሁ።