ፉርጎ

በደሞዝ መዝገቡ «መሐዲ ሮብሌ፣ የቶርኖ ረዳት»፤
በሜዳ ላይ ፉርጎ። በዚያ ስም ነው ድሬ ያሳደገችው ልጅነት።
«ፉርጎ ያሉህ ለምን?» ብዬ ብጠይቀው ከልምምድ ስንወጣ፣
«ባቡሯ ኳሷ ናት፤ እኔ ምን አለኝ አቦ፣ ስትጎትተኝ ልምጣ!»

እኔ በረኛ ነኝ። ተጠባባቂ በረኛ። አራት ዓመት ሙሉ
ጉልበቴ ሳይላጥ ወንበር ላይ ያረጀሁ፣ ሌሎች ሲታገሉ።
ስለዚህ አየሁት፣ ከማንም አብልጬ፦
ግራ እግሩን ሲያነሳ
የከዚራ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን ጥሎ ሰው ያፈራ ይመስል ነበር።

አንድ እሑድ ማታ ነው፤ ሙሴ ሃጎፕ ጠርቶ ፖስታ ሰጠው።
ሃምሳ ብር። ለኳስ! አባቱ አላመነም፣ በቀበቶ ጠበቀው።
በማግሥቱ ጠዋት ሃምሳዋን ጨብጦ የሙሴን ሱቅ አንኳኳ፤
«ልጄ ሌባ አይደለም፣ እንካ ገንዘብህን!»
እውነት ነበር ለካ።

ጅቡቲም ወሰዱት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በፍራንክ አጫወቱት፣
በሦስተኛው ዓመት ሬዲዮ፣ ሽርጥና ስብር ጉልበት አሸክመው ላኩት።

ዘመን አልፎ ምርጫ ሲመጣ፣ ምልክቱ ኳስ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣
አካፋ መረጠ።
«ኳስ ጎርፍ አያቆምም» አለ። ንግግሩ ይኸው ነው።

ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የጻፍሁት።
«አጀንዳ ሰባት፦ የደቻቱ ግድግዳ። አቅራቢ፦ አቶ መሐዲ።»
አጀንዳ ስድስት ላይ ሰዓት ያልቃል። ሙቀቱ ይገባል፣ የጫት ሰዓት ይደርሳል።
«በሚቀጥለው ይታይ።»
ክንፍ ተጫዋች ነበር። ኳስ ካላቀበሉት መስመር ላይ ይቆማል፤
መጮህ አልለመደም፤ ነፃ ቦታ ይዞ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ያዩኛል ይላል።
አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍሁ፤ በሚቀጥለው ይታይ።

ሮብሌ የዝናብ ስም ነው፤ ያን ሌሊት ግን ድሬ ጠብታ አልወረደም።
ዝናቡ የደጋ፣ ከደንገጎ ማዶ። ጎርፉ ግን የኛ ነው፤ አልተሳሳተም።
ያን ሌሊት ጮኸ። በዚያ ስብር ጉልበት እያነከሰ ሲሮጥ፣
በር እየደበደበ፣ ሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ፣ ድምፁ እስኪቆረጥ።
የወጣ ወጣ።
ያልወጡትን እስከዛሬ በየስማቸው ይጠራል፣ ብቻውን ሲሆን።

የእኔም መዝገብ ረጥቦ፣ አሥራ አንዱ «ይታይ» በልብስ ገመድ ላይ
ለፀሐይ ተሰጣ፤ መንገድ አላፊ ሁሉ ቀና እያለ እንዲያይ።

ግድግዳው ተሠራ፣ ኋላ። ሰሌዳው ላይ የሌሎች ስም አለ።
ልጆች በከሰል ጎል ሥለውበታል።
ትናንት በርጩማውን ይዤለት ሄድን፤
ማንም አላወቀው፣ «አባባ፣ ኳሷን!» ከማለት በቀር።
አልለጋትም። በእጁ አንስቶ ሰጣቸው።
ከዚያ ከሰሉን ተቀበለና
የጎሉን ቋሚ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ገፋው፤ «ጠቧል» አለ።
«ለበረኛው አታስብም?» አልሁት።
«አንተ» አለኝ፣ «መቼ ገብተህ ታውቃለህ?»

እውነቱን ነው። በርጩማውን እንደያዝሁ ቆሜ ነበር።