ገጽ ስልሳ ሦስት

ገጽ ስልሳ ሦስት የለም።
ከስልሳ ሁለት ዘልሎ ስልሳ አምስት ይላል፤
የተቀደደው ጠርዝ እንደ ወላቃ ጥርስ ያስታውቃል።
ለሦስት አንድ መጽሐፍ ነው፣ በሰባተኛ «ለ»፤
የልቡ ምዕራፍ አለ፣ የሳንባውም አለ፣
እኛ የመጣንበቱ ቅጠሉ ጎደለ።

እኔም ልጅ ሆኜ፣ ውጫሌ ስማር፣
መምህራችን እዚህ ደርሶ ሊጀምር ሲዳዳው ነበር፤
«ይህን እቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ወጣ፣
ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰማይ ሰማይ አየ፣ እስኪደወል አልመጣ።
እቤትስ? አባቴን ደፍሬ ብጠይቀው፣
«ምን አባክ?» አለና ራዲዮኑን ከፍ አደረገው።

አሁን ተራው የኔ፤
የመርሳ ሙቀት ይሁን ፍርሃት፣ ላቤን ጠጣው ጠመኔ።
ምን ብዬ ልጻፈው?
አንደኛው ቃል ስድብ ነው፣ ከመናኸሪያ የሚሰማ፤
ሌላው የሐኪም ቤት ነው፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ከአፍ የማይስማማ፤
ሦስተኛው «እዚያ ጋ» ነው፣ በአገጭ የሚጠቆም፣ ስም የሌለው ከተማ።

አልዩ ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ።
በመስከረም ክር የነበረ ድምፁ፣ በጥር፣
እንደ ዛገ በር በሁለት ቃና ተናገረ፤
መልሱን እያወቀ እጅ ማውጣቱ ቀረ።

ምሳሌ ይሻላል ብዬ ወደ ማንጎ ዞርኩ፤
«መርሳ ተወልዶ ማንጎ የማያውቅ የለም» ብዬ ጀመርኩ፦
«ጥሬውን የቆረጠ ጥርሱን ይጠርሰዋል፣
የታገሠው ግን ጣፋጩ ይደርሰዋል...»
ጦይባ እንድሪስ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካክላ፣
«መምህር፣ ማንጎው ይጠየቃል?» ብላ።
«ቆራጭ ሲመጣ ማንጎ እምቢ ይላል? እኔ እላለሁ።
ታዲያ እንዴት ማንጎ እሆናለሁ?»

ክፍሉ ጸጥ። ከአስፋልቱ አንዲት ባጃጅ ጮኸች።
ሌሊት ሙሉ ያዘጋጀኋት ትምህርት ከግንዷ ወደቀች።
ሰሌዳውን በክንዴ ጠረግሁት።
«ልክ ነሽ» አልኩ። ለተማሪ ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ ቆጠርሁት።

ባዶ የጠመኔ ካርቶን ከቢሮ አመጣሁ፣
«ስም አትጻፉ» አልኩ፤ አርብ ሳራግፈው ደነገጥሁ።

«ደም ሲመጣ ልሞት መስሎኝ፣ ለእህቴ እንኳ ሳልነግር ሦስት ቀን ቆየሁ።»
«ሌሊት የሚሆንብኝ በሽታ ነው? ጸበል ያስፈልገኛል?»
ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦ «ዱዓስ?»
«ሁሉም ጀምሯል ይላሉ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ?»
«መቆየት ፈሪ ያሰኛል?»
«የሞባይል ካርድ ሞልቶልኛል። አሥር ጊዜ። ዕዳ አለብኝ?»

አንድ በአንድ መለስኩ።
በሽታ አይደለም፣ አካል ነው፣ እያደገ ነው አልኩ።
«ሁሉም» የሚባል ልጅ በስም መጥሪያዬ ላይ የለም አልኩ።
የወር አበባ ላይ ስደርስ ድምፄ ረጋ፦
«ሁሉን ሲደብቅ የኖረ፣ ሁሉን ሲያንኳስስ የነጋ
አፋችን፣ ለዚህ ብቻ ‹አበባ› የሚል ስም ፈለገ፤
አበባ አይቶ የሚስቅ አለ?»
አልዩ አንገቱን ሰበረ።

ስለ መቆየትም፦
«ሐምሌ ወንዙ ሲሞላ ዳር የሚቀመጥ ሰው አላያችሁም?
እንጨት ጥሎ ፍጥነቱን ያያል፣ ከጓደኛው ጋር ያወጋል፣
‹ይጎድላል› ይላል፤
ወንዙን ስላወቀው እንጂ ስለፈራው አይደለም።
ከዳር ያደረውን ሁሉ መርሳ ፈሪ ብሎት አያውቅም።»

የካርዱን ግን በቃል አልመለስኩም።
«ዕዳ የለም»
ብዬ ጻፍኩ፣ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ።
«ዕ»ዋን እንዴት እንደምታዞራት አውቃለሁ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ ስንቴ አልፎባታል።
ወደዚያ ወንበር እንዳላይ፣ በመስኮት ሰማይ አየሁ።
ያኔ የውጫሌው መምህሬስ
ምን ላለማየት ይሆን ሰማዩን ሲያይ የቆየው?
ሲደወል ለመምህርት ዘምዘም ብቻ ነገርኳት፤
ወሬዋን ሳይሆን ልጅቷን አደራ አልኳት።

ሰኞ ካርቶኑን ስከፍት አንዲት ወረቀት፣
ስምንት ቦታ ታጥፋ፣ እጥፋቷ ሊበጠስ የደረሰ።
ስልሳ ሦስት። በጀርባዋ ስልሳ አራት።
በእርሳስ፦ «የቀደደው ወንድሜ ነው። ለአራት አንብበነዋል። ይቅርታ።»

በሙጫ መለስኳት።
ትንሽ ዘማለች፣
ከጓደኞቿ ወጣ ብላ ትታያለች፤
ግን ትነበባለች።