ማሳው የታል?

ሦስት ሌሊት ሙሉ ጮኸች ያቺ ነጭ ቪትዝ፣
ማራኪ ሰፈር ውስጥ፣ ልክ ሰውን እንቅልፍ ሲይዝ።
ድመት ሲዘል ጮኸች፣ ንፋስ ሲነካት ጮኸች፣
ምንም ሳይመጣባት ጮኸች።
በአራተኛው ጠዋት፣ ባትሪዋን በጩኸት ጨርሳ፣
አዘዞ መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮዬ ሥር ደረሰች
በገመድ ተጎትታ፣ አፏን ይዛ፣ ለስልሳ።

«አላርሙን ማን ገጠመው?» አልኩት ሰጠኝን።
«አንድ ልጅ ነው፣ ገበያው ዳር፤ በግማሽ ሰዓት ጨረሰልኝ።»
ግማሽ ሰዓት!
ኩርሽኮት ፈትቼ ብሎኑን በቆርኪ ለመለየት እንኳ
ግማሽ ሰዓት አይበቃኝ።

ከፈትኩት።
ቀዩ ሽቦ ያለ ፊውዝ፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ፤
የበሩ ከፍሬቻው ጋር፣ ሁለቱም ራቁታቸውን፣ አንዱ ባንዱ ላይ፤
ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ እንደ ማር ሲዝለገለግ፣
ሳይረኑ አፉን ወደ ሰማይ፣
የሐምሌን ዝናብ ሊጠጣ እንደሚፈልግ።

ጥቁሩን በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩ፤
ቢተው መብራት ያዘልኝ፣ እኔ በጀርባዬ ተንጋለልኩ።
ጫፉ ጋ ስደርስ፣ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ፣
ያውም በላላ ብሎን፣ ለይምሰል ታስሯል።
ቀለም ልብስ ነው፤
ኮረንቲ ግን ገላ ነው የሚፈልገው።

«ማሳው ነው!» ብዬ ጮህኩ ከኩርሽኮቱ ሥር፤
«ማሳ የላትም! ሌሊቱን ሁሉ ያስጮኻት እሱ ነበር።»

ያኔ ከአሮጌ ጎማ ላይ ብድግ አሉ አያ አዛናው፤
የሰጠኝ አባት ናቸው፤ ከደምቢያ ያመጣቸው ዓይናቸው።
«ማሳው ምን ሆነ?» አሉ፤ ዱላቸው ተንቀጠቀጠ፤
ሰጠኝ ኪሱን ዳሰሰ፣ ምንም ላያወጣ፤ ፊቱ ተለወጠ።

እኔ ምን አውቃለሁ?
የጋራዥ ቋንቋ ነው፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣
እንደ ፍሬቻ፣ እንደ ኮፈን፣ አፋችን የለመደ።
ማሳ እንላለን ገላ ብረቱን፣
ኮረንቲ ሁሉ ዞሮ የሚገባበትን።
እሳቸው የሰሙት ሌላውን ነው፤
ማሽላ የሚያበቅለውን፣
ልጃቸው መሪ እንዲይዝ ብለው
ለሰባት ዓመት በኪራይ የለቀቁትን።

አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «አሳየኝ» አሉ።
ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣
አፈር እንደሳለው ማረሻ እስኪያበራ።
ጣታቸውን አሳረፉበት፣ ቀስ ብለው፣ በዳበሳ።
«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።
«የኛም ንጋት ላይ እንዲሁ ነው።»

ቀለበቱን ጨምቄ፣ ጥርስ ባለው ሮንዴላ አጥብቄ፣
ዝገት እንዳይደፍረው ግራሶ ቀባሁ፤
ቀዩን በፊውዝ አሳለፍኩ፣ ሳይረኑን በአፉ ደፋሁ፤
ሴንሰሩን ጥቂት አደነቆርኩት፣ ድመትና ሌባ እንዲለይ።
አያ አዛናው ጎማው ላይ ተመልሰው ያወራሉ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ፦

«እኔም ማማ ላይ አድሬአለሁ፣ አርባ መኸር፣
ለጃርት፣ ለከርከሮ።
ዋሴ የሚባል ጎረቤት ነበረን፣ በሕልሙም የሚጮህ፤
መንደሩ ለመደው።
ከርከሮው የመጣ ለታ ጮኸ፣ ጮኸ፣
ማን ይውጣለት?
አንድ ዘለላ አልተረፈው።»

ቢተው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ ብሎን በጥርሴ ይዤ ነበር።

ማታ ፈተንናት። ሁለቴ «ጢጥ» አለች፣ ፍሬቻዋ ብልጭ አለ፤
ሰጠኝ ግማሹን ከፈለ፣ ግማሹን ለቅዳሜ ማለ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።
«ጋሼ! መኪናዋ!»
«ስንቴ ጮኸች?»
«አንዴ።»
«መስኮቱን ክፈትና እይ።»
ቆየ። መጋረጃ ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ በሹክሹክታ፦
«አባዬ ነው። ጋቢውን ደርቦ አጠገቧ ቆሟል።
በዱላው ነካ አድርጓት ነው።»
«ምን ይላል?»
«ትሰማ እንደሆነ ልያት ብዬ ነው፣ ይላል።
ዘንድሮ የምጠብቀው የለኝም፤ አንተ ግባና ተኛ፣ ይላል፤
እኔ እስኪነጋ አለሁ።»