የጋራ ቆጣሪ

ኮዬ ፈጬ፣ ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ፣
መስኮቱን ፌስታል የሸፈነው፣ የሰባ ልጅ መዋያ።
ቲቸር ለሊሴ ገባች፣ ሃይላንድና ሲሪንጅ ይዛ፣
ሰሌዳው ላይ የትናንቱ ሒሳብ ገና ደብዛዛ።

«የመጣነው ለባዮሎጂ፣» አለ ዱጋሳ ከኋላ፣
«ኬሚስትሪ ሐሙስ አይደል? ዛሬ ምን አመጣው ሌላ?»
አልመለሰችለትም።
የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣ ጠብታ በጠብታ ጨመረች፤
አሥር... ሃያ... ሃያ ስድስት። እጇ አልተንቀጠቀጠም።
ውሃው እንደ ሌንስ ጎበጠ እንጂ አልፈሰሰም፤
ከኛም የተነፈሰ የለም።

«ተያይዘዋል፣» አለች።
«ኦክስጅን ማለት፣ በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ጎረቤት ነው፣
ከሁለት ሃይድሮጅኖች ጋር መብራቱን የተጋራው።
ክፍያው እኩል፤ ስቶቩም ፍሪጁም ግን የሱ፣
ኤሌክትሮኖቹ ቢዞሩ ቢዞሩ ማምሻቸው ወደሱ።
እሱ ጋ ትንሽ ኔጌቲቭ፣ እነሱ ጋ ትንሽ ፖዘቲቭ ይቀራል፤
የተጎዳው ሃይድሮጅን ታዲያ፣ የሌላ ቤት ኦክስጅን ያማትራል።
ደካማ ናት ይቺ ቦንድ፤ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣
ደግሞ ትይዛለች።»

ስለ ጨውም ነገረችን፦ ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚነድ፣
ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል፤ አንዱ ባይሰጥ፣ አንዱ ባይወስድ
ሽሮ አይጣፍጥም ነበር።
ቢፍቱ ደብተሯ ጥግ ላይ «እናቴና አባቴ» ብላ ጻፈች፤
ሰረዘች። መልሳ ጻፈች።
ካርቦንን፣ ባለ አራት እጁን፣ ሳንጀምረው ቸርኬው ተደወለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ እስከ ግራውንድ ብቻ፤
ከዚያ ወዲያ ያው የኛ የጀሪካን ዘመቻ።
ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ትከሻዬ ዝሎ አረፍኩኝ፣
በተሰበረው መስታወት ባሕር ዛፉን አየሁኝ፤
የገበሬ አጥር የነበረ፣ ሳይቱ ሲሠራ የተረፈ፣
ቁመቱ ከጣሪያችን ያለፈ።
ፓምፕ የለው፣ ሊፍት የለው፣
ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ግን እርጥብ ነው።
አንዷ ውሃ ወደ አየር ስትወጣ ተከታይዋን ትስባለች፣
ያቺም የታችኛዋን፣ ያቺም...
እስከ ሥሩ ድረስ፣ በዚያች በደካማዋ ቦንድ።

ላቤ ከንፈሬ ላይ ወረደ፤ ቀመስኩት።
ሶዲየምና ክሎራይድ። ሁለቱም ጸጥ ብለዋል።

ዱጋሳ ባዶ ባልዲ ይዞ ከላይ ሲወርድ አገኘኝ።
ባልዲውን አስቀምጦ ጀሪካኑን ከሥር ደገፈልኝ፤
አንድ ፎቅ ወጣንና ለቀቀኝ።
ስለ ኬሚስትሪ ምንም አላለም፤
ሐሙስም አላለ።