ከዐሥር ስድስት

ሰንበት ወጣ። ሦስት ኮከብ በየሩሃም ላይ ታየ።
የእኅቴ ልጅ ኔታኔል ከበሩ ቆሞ ቆየ፣
ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሣጥን በብብቱ ሸጉጦ፤
«አዲስ ራሊ ነው፣ አጎቴ» አለኝ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።
ይጽፋል ልጁ፣ ለአንድ ጋዜጣ፣ በሳምንት አንዴ፤
ጨዋታ ቀምሶ ነጥብ ይሰጣል። ይኼም ሥራ ሆነ እንዴ!
እኔ የመኪና ገላ አቃኚ፣ ሠላሳ ዓመት በመዶሻ
የሰው ስሕተት ስደበድብ ከጧት እስከ ማምሻ፣
ለኔ ግጭት ደረሰኝ ነው፣ ኢንሹራንስ ነው፣ ጭቅጭቅ፤
ለሱ አንዲት ቁልፍ ናት። ጫን። ከዚያ ሳቅ።

መሪ ይዞ መጣ ደግሞ፣ ከጠረጴዛ የሚጠበቅ፤
ፔዳል አልገዛም። ጋዙም ፍሬኑም በጣት ነው የሚነቅ።
መኪናው አማረ፤ አይካድም። ጭቃው ሲፈናጠቅ፣
ፀሐይ በመስተዋቱ ስትገባ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ሳላውቅ።

«መሪው ቀለለ» አለ ኔታኔል፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤
«ጠጠርና አስፋልት አንድ ነው፤ ለእጄ ምንም አልተላለፈ።
ሞተሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይጮኻል፣ እንደ ተናደደ ንብ፤
ሁለት መቶ ሰባ ሼቄል ለዚህ? አያሳዝንም ወይ ገንዘብ?»

ይታይሽ፣ እናቱ፣ ሱፍ ትፈለፍላለች ከሶፋው ጥግ ተቀምጣ፤
አድምጣ አድምጣ፣ በመጨረሻ የሷም ፍርድ መጣ፦
«ያ ከጎኑ ሆኖ 'ግራ ሦስት፣ ቀኝ አራት' የሚለው
ገደል አፋፍ ሲደርሱ እንኳ ድምፁ ያው ነው፤
አልሰደበ፣ አልተማጸነ፣ 'ቀስ በል፣ ልጆች አሉህ' አላለ፤
ከሹፌር ጎን ተቀምጦ እንዲህ የሚረጋ ሰው የት አለ?»

ሳቅን።

ጋሼ ባይነሳኝ አልሳቁም። ጎረቤቴ ናቸው፣ ከታች ፎቅ፤
ከማክቴሽ ገደል አሸዋ ሲጭኑ ኖረዋል፣ መዳፋቸው ቀለም እስኪያውቅ፣
ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሐምራዊውን በጨለማ እስኪለዩ።
«እስቲ ስጡኝ» አሉ፣ ልጁን ሳይሆን መሪውን እያዩ።

አንደኛው ጥምዝ ደኅና። ሁለተኛው ደኅና። ሦስተኛው ላይ
መኪናው ዘለለ፣ ተንከባለለ፤ አራት ጎማ ወደ ሰማይ።

«ይቺን ይጫኑ» አለ ልጁ፣ «መንገዱ ላይ ይመልስዎታል።»
«ቆይ» አሉ። «ትንሽ እንጠብቅ። እስቲ ማን ይመጣል?»

ጠበቅን። ጎማው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ።
ያ አንባቢ ዝም አለ፤ የትም አልታመመ።
ዛፎቹ ያለ ነፋስ ተወዛወዙ፣ ሰዓቱ ብቻ ቆጠረ፤
አንድ ወፍ ያንኑ ጩኸት ጨርሶ ያንኑ ጀመረ።
ማንም አልመጣም።

«እኔ ስገለበጥ ነሐሴ ነበር፣ ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ፤
አሸዋው እስከ ደረቴ፤ እግሬን ይዞኛል ብረቱ።
ዑዳ የሚሉት በደዊ በአሮጌ ፒክአፕ ደረሰ፤
ውኃ አጠጣኝ፣ 'ማን አስተማረህ!' ብሎ ሰደበኝ፣ ተመለሰ፣
አካፋ አምጥቶ እስኪመሽ ቆፈረ። ስሜን እንኳ አልጠየቀም።
ያን አቧራ እስከ ዛሬ እተፋለሁ። ይኼኛው ጉሮሮ አያውቅም።»

ኔታኔል እስክሪብቶውን አነሣ። «ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»
«መንገዱ ጥሩ ነው በል። መንገደኛ የለውም።»
«ውድድር ነው እኮ፣ ጋሼ! መንገዱ ይዘጋል፤ ሰው አይገባም!»
«ከተዘጋ መንገድ የምትሉት ለምንድነው?»

ተከራከሩ፣ ተከራከሩ። ከዐሥር ስድስት ሆነ።
ይታይሽ ሰባት ነበር ያለችው፣ ለጭቃው ስትል ብቻ።
እኔን የጠየቀኝ የለም። አራት ባልኩ፦
ቆርቆሮ ሲጨማደድ እንዲያ አያለቅስም።

እኩለ ሌሊት አልፏል። ልጁ ሶፋው ላይ ተኝቷል።
ጋሼ ባይነሳኝ «አንዴ ብቻ» ካሉ ይኼ አምስተኛው ነው።
ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግራቸው
ምንጣፉን ረግጦ፣ ረግጦ አጥፎታል፣
ፍሬን ሲፈልግ።